ከ«ኦላ» በኋላ ምን ይባላል?

(በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፣ በጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ ከልብሳችሁ ያስታውቃል። ስለዚህ ሰዋስው አላስተምርም፤ ወሬ ነው የማወራችሁ።

የስፓኒሹን ሰላምታ፣ «ኦላ» ማለትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ችግሩ የሚጀምረው ስፓኒሽ ተናጋሪው ሲመልስ ነው። እናንተ «ኦላ» ትላላችሁ። እሱ «ብዌኖስ ዲያስ፣ ኮሞ አማኔሲዮ?» ይላል። እናንተ ፈገግ ብላችሁ ዝም። በማግስቱም ያው። ዓመታት አብረው ሠርተው ወሬያቸው «ኦላ» ላይ የቆመ ሰዎች በያለንበት አሉ።

ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። የስፓኒሽን ሰላምታ በእንግሊዝኛ በኩል አትማሩት። በአማርኛ በኩል ግቡበት። ስልካችሁ ላይ የጫናችሁት መተግበሪያ «ሃይ»፣ «ፋይን» እያለ ነው የሚያስተምራችሁ። በዚያ በኩል ከሄዳችሁ ስፓኒሻችሁም «ሃይ» እና «ፋይን» ሆኖ ይቀራል። ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ሲገናኙ የሚያደርጉት አብዛኛው ነገር ግን እኛ ቤት ያለ ነው። አንቱታው አለ። አዳርን መጠየቅ አለ። ፈጣሪን ማመስገን፣ ምርቃት፣ «እንብላ» ማለት ሳይቀር አለ።

መጀመሪያ ግን ሰዎቹ እነማን ናቸው? እዚህ አካባቢ ስፓኒሽ ስንል በአብዛኛው የኤል ሳልቫዶር ስፓኒሽ ማለታችን ነው። በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ካሉት የውጭ አገር ተወላጆች በቁጥር አንደኛ እነሱ ናቸው። አገራቸው እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 1992 በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳለች። ብዙዎቹ መምጣት የጀመሩት ያኔ ነው። በምሥራቅ ኤል ሳልቫዶር ያለችው ትንሿ ኢንቲፑካ ስሟ የታወቀው ሰዎቿ ወደ ዋሽንግተን በመፍለሳቸው ነው። አሌክሳንድሪያ ውስጥ አርላንድሪያ የሚባለውን ሰፈር ደግሞ ነዋሪዎቹ «ቺሪላግዋ» ይሉታል፤ ያም የዚያው የምሥራቁ ክፍል ከተማ ስም ነው። ዘመኑን አስቡት። ከእኛም ብዙዎቹ ደርግን ሸሽተው እዚህ የደረሱት በእነዚያው ዓመታት ነው። በአንድ ዘመን መጥተን፣ በሬስቶራንት ጓዳና በሆቴል ልብስ ማጠቢያ ጎን ለጎን ቆመን፣ ዛሬም «ኦላ፣ አሚጎ» ላይ ነን።

ስለ «አሚጎ» ካነሳሁ አይቀር፣ ቃሉ ጓደኛ ማለት ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ስም መጠየቅ ሰንፋችሁ ሁሉንም «አሚጎ» የምትሉ ከሆነ ሰዎቹ ያውቁባችኋል። እናንተስ ስማችሁን ሳይጠይቅ «ማይ ፍሬንድ» እያለ የሚጠራችሁን ደንበኛ ትወዱታላችሁ?

እሺ፣ ወደ ሰላምታው። ጠዋት «ብዌኖስ ዲያስ»፣ ከሰዓት «ብዌናስ ታርዴስ»፣ ማታ «ብዌናስ ኖቼስ»። ይሄን ማንኛውም መጽሐፍ ይነግራችኋል። ድንበሩ የት እንደሆነ ግን ብዙም አይነግራችሁም። በሜክሲኮና በመካከለኛው አሜሪካ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካለፈ «ታርዴስ» ነው። አምስት ደቂቃ አሳልፋችሁ «ብዌኖስ ዲያስ» ብትሉ ሰዓቱን አይቶ የሚያርማችሁ አይጠፋም። ስፔን ውስጥ ግን ድንበሩ ምሳ ነው። ስፔኖች ምሳ የሚቀመጡት ስምንት ሰዓት ገደማ ወይም ከዚያም ዘግይተው ነው። ምሳ እስኪበላ ድረስ ለብዙዎቹ ገና ጠዋት ነው።

«ብዌናስ ኖቼስ»ን «ጉድ ናይት» ብላችሁ ከያዛችሁት ደግሞ ስትለያዩ ብቻ የሚባል ይመስላችኋል። አይደለም። ማታ ስትገናኙም ይባላል። «እንዴት አመሹ»ም እሱ ነው፣ «ደህና እደሩ»ም እሱ ነው። የሌሊት ፈረቃ ያላችሁ ሰዎች ሥራ ስትገቡ «ብዌናስ ኖቼስ» በሉ፤ «ገና ሳይገባ ሊሄድ ነው እንዴ?» የሚል የለም።

ሰዓቱ ከጠፋባችሁ «ብዌናስ» ብቻ በቂ ነው። ለማንኛውም ሰዓት ይሆናል። ስፔን ውስጥ ሊፍት ስትገቡ፣ ሐኪም ቤት ተራ የሚጠበቅበት ክፍል ስትገቡ፣ ለማታውቁት ሰው ሁሉ በጅምላ ይባላል። ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ ነውር ነው። ከሊፍቱ ስትወጡ ደግሞ «አስታ ልዌጎ» ትላላችሁ። ትርጉሙ «በኋላ እንገናኝ» ነው፤ ግን ሰውየውን ዳግም ላታዩት ትችላላችሁ፤ እሱም አይጠብቃችሁም።

አሁን በጣም ወደምወደው ልምጣ። «ኮሞ አማኔሲዮ?» እንዴት አደሩ? በቃ፣ ይሄው ነው። ምንም መዞር፣ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሜክሲኮ እስከ ኮሎምቢያ ትሰሙታላችሁ፤ ኤል ሳልቫዶሮችም ጠዋት ጠዋት ይሉታል። እንግሊዝኛው ይሄን የመሰለ ሰላምታ ስለሌለው መተግበሪያው ቶሎ አያሳያችሁም። መልሱንም ታውቁታላችሁ፤ «ብዬን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ። ኢ ኡስቴድ?» ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ? «አልሐምዱሊላህ» የምትሉም ቦታው ያው ነው። ፈጣሪን በሰላምታ መሃል ማንሳት እነሱ ዘንድ ስብከት አይደለም፤ የአፍ ልማድ ነው፤ ልክ እንደኛ።

«ኡስቴድ» ያልኩት አንቱታው ነው። ድሮ «ብዌስትራ ሜርሴድ» ነበር፤ «ጸጋዎ» እንደማለት። በአፍ እየተበላ ሄዶ «ኡስቴድ» ሆነ። ለዚህ ነው ግሱ ስለ ሌላ ሦስተኛ ሰው የሚወራ የሚመስለው። ለእርስዎ «ኮሞ ኤስታ?»፣ ለአንተ ወይም ለአንቺ «ኮሞ ኤስታስ?»። ልዩነቱ መጨረሻ ላይ ያለችው «ስ» ናት። እዚህ ላይ አማርኛ ትልቅ ጉልበት ይሰጣችኋል። እንግሊዝኛ ብቻ የሚናገር ሰው ይሄን ልዩነት ለዓመታት ይታገለዋል። እኛ ግን ማን «አንተ»፣ ማን «እርስዎ» እንደሚባል ከልጅነታችን እየተቆጡን ያደግን ነን።

ለጓደኛ የሚባለው ግን አንድ አይደለም። በትምህርት ቤት ስፓኒሽ «ቱ» ነው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ጓደኛ ለጓደኛ የሚለው «ቦስ» ነው። ስለዚህ «ኢ ቦስ?» ሲላችሁ «አንተስ?» ማለቱ ነው፤ ስለ ሥራ አለቃ እየጠየቃችሁ አይደለም። አርጀንቲናም «ቦስ» ነው፤ እዚያ «ኮሞ አንዳስ?» ይላሉ፣ መጨረሻውን አጥብቀው። ስፔን ውስጥ ቶሎ ወደ «ቱ» ይገባሉ። ቦጎታ ውስጥ ደግሞ ወንድምና ወንድም፣ ጓደኛና ጓደኛ «ኡስቴድ» ሲባባሉ ትሰማላችሁ። ኮስታ ሪካ ይባስ ብሎ ለሕፃንም፣ ለውሻም «ኡስቴድ» የሚል አለ።

ይሄን ሁሉ አትሸምድዱ። በ«ኡስቴድ» ጀምሩ። አንቱ ስለተባለ የሚጣላችሁ የለም። ከበዛበት «ትራታሜ ዴ ቱ» ይላችኋል፤ «ኧረ አንተ በለኝ» ማለት ነው። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ ለአለቃ፣ ለአማት፣ ለሽማግሌ «ኡስቴድ» ግዴታ ነው ብላችሁ ያዙት። ወላጆቻቸውን «ኡስቴድ» የሚሉም ብዙ ናቸው።

ስም ስትጠሩ ደግሞ «ዶን» እና «ዶኛ» አሉ። እነዚህ ከአባት ስም ሳይሆን ከራስ ስም ጋር ነው የሚሄዱት፤ «ዶን ካርሎስ»፣ «ዶኛ ሮሳ»። ልክ እንደ ጋሼና እትዬ። ኤል ሳልቫዶር ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። «ኒኛ» ትንሽ ልጃገረድ ማለት ነው፤ እነሱ ግን የተከበረች ትልቅ ሴትን «ኒኛ ማሪያ» ብለው ይጠራሉ። «ኒኛ ማሪያ ትመጣለች» ቢሏችሁ ከረሜላ አታዘጋጁ። የሰባ ዓመት ባልቴት ልትሆን ትችላለች፤ ከወንበራችሁ ተነሱላት።

አማርኛ የሚያሳስተን አንድ ቦታ አለ። ስንተዋወቅ «ሙቾ ጉስቶ» እንላለን፤ ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል ማለት ነው፤ መልሱ «ኢግዋልሜንቴ» ነው፤ እኔም። እስከዚህ ቀላል ነው። ሌላው ግን «ኤንካንታዶ» እና «ኤንካንታዳ» ነው፤ እሱም «ደስ ብሎኛል» ነው። አማርኛ ፆታውን በምናናግረው ሰው ነው የሚቀይረው፤ ደህና ነህ፣ ደህና ነሽ። እዚህ ግን የሚቀየረው በተናጋሪው ነው። ወንድ ከሆንክ ሴትም ብታናግር «ኤንካንታዶ» ነህ። ሴት ከሆንሽ ለማንም «ኤንካንታዳ» ነሽ። ሰውየውን ወንድ ነው ብላችሁ «ኤንካንታዶ» የምትሉ ሴቶች አላችሁ፤ ሰምቻለሁ።

አሁን መልሱ ላይ እንቆይ፤ ወሬው የሚሞተው እዚህ ነው። «ኬ ታል?» የምትለው ቀላል ጥያቄ በመንገድ የምትወረወር ናት። መልሷ «ብዬን፣ ኢ ኡስቴድ?» ነው፤ ያውም እየሄዳችሁ። አንዳንዴ መልሱ ራሱ «ኬ ታል?» ነው። «እንዴት ነህ?» ሲባል «እንዴት ነህ?» ብለን እንደምናልፈው ማለት ነው። ቆማችሁ ስለ ወገብ ሕመማችሁ ካብራራችሁ ሰውየው ይሰማችኋል፤ ግን ቸኩሎ ነበር።

ሁሌ «ብዬን» ማለት ግን እንደ ማሽን ያስመስላል። ሰዎቹ የሚሉትን ስሙ። «አይ ባሞስ» ይላሉ፤ አለን፣ እየሄድን ነው። «አኪ፣ ኤን ላ ሉቻ» ይላሉ፤ ይሄው ትግል ላይ ነን። ይሄ «ኑሮን እየታገልን ነው» የሚለው የእኛው መልስ ነው፤ ፈገግ ተብሎ ነው የሚባለው፤ አዘኔታ አይፈልግም። ሜክሲኮዎች «ቻምቤያንዶ» ይላሉ፤ ሥራ ላይ ነኝ። ስፔኖች «ቲራንዶ» ይላሉ፤ እየገፋሁ ነው። «ማስ ኦ ሜኖስ» ካለ ምንም አይልም፣ እንዲሁ ነው።

አንዷ ቃል ግን አደገኛ ናት። «ሬጉላር»። በእንግሊዝኛው ለምዳችሁ «ኖርማል ነኝ» ያለ ይመስላችኋል። አይደለም። ስፓኒሽ ተናጋሪ «እንዴት ነህ?» ተብሎ «ሬጉላር» ካለ ነገሩ ደህና አይደለም። ወይ አሞታል፣ ወይ ቤት ውስጥ ነገር አለ። «ጉድ፣ ጉድ» ብላችሁ ትከሻውን መትታችሁ ብትሄዱ ሰውየውን ጥላችሁት ሄዳችሁ። «ኬ ፓሶ?» በሉ። ምን ሆነህ? የሐኪም ቤትና የአዛውንት መንከባከቢያ ሠራተኞች ይሄን በተለይ አስታውሱ። እኛ «ምንም አይል» ስንል የምንደብቀውን ያህል አንዳንዱ ሰው በ«ሬጉላር» ይደብቃል።

ቀጥሎ ቤተሰብ ነው። «ኢ ላ ፋሚሊያ?» መካከለኛው አሜሪካውያን ይሄን ጥያቄ ይወዱታል፤ መልሱ «ቶዶስ ብዬን፣ ግራሲያስ አ ዲዮስ»፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ግን እንደኛ ደጋግማችሁ አትጠይቁ። ልጆች ደህና፣ እናት ደህና፣ ሥራ ደህና፣ ሰፈር ደህና፣ ደግሞ አንተስ ደህና… እዚያ አይሠራም። አንዴ ተጠየቀ፣ ተመለሰ፣ አለቀ። ስትለያዩ «ሳሉዶስ አ ላ ፋሚሊያ» በሉ፤ ቤተሰቡን ሰላም በልልኝ ማለት ነው። «ዴ ሱ ፓርቴ» ካላችሁ «አደርሳለሁ» እያላችሁ ነው።

ስፓኒሽ በ20 አገሮች ይፋዊ ቋንቋ ነው፤ አንዷም አፍሪካችን ውስጥ ያለች ኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። ስለዚህ የሰፈር ሰላምታው ብዙ ነው፤ ጥቂቱን ብቻ በሩጫ ልበል። ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ «ኬ ኦንዳ?»። ኮሎምቢያና ቬኔዝዌላ «ኬ ማስ?»፤ ቃል በቃል «ሌላስ?» ነው፤ ገና ሳትጀምሩ «ሌላስ?» ስትባሉ አትደንግጡ። ዶሚኒካን «ኬ ሎ ኬ?»። ኩባ «ኬ ቦላ?»። ፓናማ «ኬ ሾፓ?»፤ ይሄ «ኬ ፓሶ?» የሚለው ተገልብጦ የተፈጠረ የልጆች ቋንቋ ነው፤ አሁን ትልልቆቹም ይሉታል። ኮስታ ሪካ «ፑራ ቢዳ»፤ ሰላምታም ነው፣ መልስም ነው፣ ምስጋናም ነው፣ ስንብትም ነው። አንድ ቃል ብቻ መያዝ የሚፈልግ ሰው ወደዚያ ይሂድ።

ኩባን ካነሳሁ፣ በልጅነታቸው ወደ ኩባ ተልከው በኢስላ ዴ ላ ሁቤንቱድ ደሴት የተማሩ ወገኖቻችን አሉ። ስፓኒሻቸው እስካሁን የኩባ ነው፤ «ስ»ን ይውጧታል። የእነሱን ሰምታችሁ ከኤል ሳልቫዶሩ ጋር ባይገጥምላችሁ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

ግን አደራ፣ «ኬ ኦንዳ» እና «ኬ ሎ ኬ» የወጣት ናቸው። በታክሲያችሁ ለተሳፈረች አያት «ኬ ሎ ኬ?» ብትሉ፣ አዲስ አበባ ላይ ሽማግሌ አስቁማችሁ «እሺ ባባ፣ ምን አዲስ?» እንደማለት ነው። ትስቅ ይሆናል፤ ላትስቅም ትችላለች።

ስልክ ላይ ደግሞ እንደ አገሩ ነው። ሜክሲኮ «ብዌኖ?»፣ ስፔን «ዲጋሜ» ወይም «ሲ?»፣ ኮሎምቢያ «አሎ?»፣ ኩባ «ኦይጎ»፣ አርጀንቲና «ኦላ?»። ሜክሲኮዎች ስማቸው ሲጠራ ወይም ያልሰሙት ነገር ሲኖር «ማንዴ?» ይላሉ። ይሄ «አቤት?» ነው። ከዚህ የሚቀርብ ትርጉም በሌላ ቋንቋ አላገኘሁም። እዚያ አገር «ማንዴ» ራስን ዝቅ ያደርጋል፣ ይቅር የሚሉ አሉ፤ ጨዋነት ነው የሚሉም አሉ። እኛም ስለ «አቤት» እንደዚያው እንከራከር ነበር።

አሁን መሳሳም። እዚህ ላይ እኛ አደጋ ነን። ስፔን ሁለት ጊዜ ነው። በአብዛኛው ላቲን አሜሪካ አንድ ጊዜ፣ ቀኝ ጉንጭ። አርጀንቲና ወንድና ወንድም አንድ ጊዜ ይሳሳማል። በመካከለኛው አሜሪካ ወንዶች በአብዛኛው ይጨባበጣሉ፤ በሥራ ቦታ ጡጫ ለጡጫ መነካካትም ተለምዷል። እኛ ደግሞ ሦስት፣ አራት፣ ከዚያም ትከሻ። ሰውየው በአንዱ ጨርሶ ፊቱን ሲመልስ እኛ ለሁለተኛው እየሄድን እንገጫጫለን። አንድ ጊዜ፣ ከዚያ ቁሙ። እነሱ ከቀጠሉ ተከተሉ።

ምርቃትም አለ ብያችሁ ነበር። በቬኔዝዌላ፣ በዶሚኒካንና በፖርቶ ሪኮ ልጅ ወላጁን፣ አያቱን፣ አክስቱን ሲያገኝ «ኦላ» አይልም፤ «ቤንዲሲዮን» ይላል። ይመርቁኝ። ትልቁም «ዲዮስ ቴ ቤንዲጋ» ይለዋል፤ እግዚአብሔር ይባርክህ። ስልክ ላይም እንዲሁ ነው። አዋቂ ሰው፣ ጢሙን ያሳደገ፣ እናቱ ጋ ደውሎ መጀመሪያ የሚለው ይሄን ነው። በኢኳዶር ተራሮች ደግሞ ለምስጋና «ዲዮስ ሌ ፓጌ» ይላሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብላችሁ ተርጉሙት፤ አትሳሳቱም።

ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ የሚበላ ሰው አጠገብ ስታልፉ «ፕሮቤቾ» በሉ፤ መልካም ምግብ እንደማለት ነው። የማታውቁትም ቢሆን። ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሬስቶራንት ውስጥ ሰው ከወንበሩ ተነስቶ ሲወጣ በየጠረጴዛው «ፕሮቤቾ» እያለ ያልፋል። መልሱ «ግራሲያስ» ነው። የሚበላው ሰው ቀድሞ «ጉስታ?» ካላችሁ «እንብላ» ብሏችኋል። እንደኛው፣ የሚጠበቀው «ግራሲያስ፣ ፕሮቤቾ» ብሎ ማለፍ ነው። እጃችሁን ታጥባችሁ ከቀረባችሁ ግን አያባርሯችሁም።

መለያየቱ ረጅም ነው፤ ይሄንንም እናውቀዋለን። ኤል ሳልቫዶሮች «ባያ ፕዌስ» ይላሉ። «እሺ በቃ» እንደማለት ነው። አንዴ ብለው ግን አይሄዱም። «ባያ ፕዌስ»፣ ሌላ ወሬ፣ «ባያ ፕዌስ»፣ በር ላይ ሌላ ወሬ። «ነገ እንገናኝ» ካላችሁት መልሱ «ፕሪሜሮ ዲዮስ» ነው፤ እግዚአብሔር ካለ። ይሄን ሲላችሁ አልመጣም ማለቱ አይደለም። የእንግሊዝኛ አለቆች ይሄ ነገር ግራ ያጋባቸዋል፤ «ትመጣለህ ወይስ አትመጣም?» ይላሉ። እናንተ አትበሉ።

መጨረሻ ላይ «አዲዮስ»። ለዘላለም የመለያየት ቃል አድርገው ያስተማሯችሁ ካሉ እርሱት። በመካከለኛው አሜሪካ መንገድ ላይ ሳይቆሙ የሚተላለፉ ሰዎች «አዲዮስ» ይባባላሉ። ሰላምታ ነው፤ «አይቼሃለሁ፣ ግን አልቆምም» የሚል። መልሱም «አዲዮስ» ነው።

ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሁለት ደቂቃ ተለማመዱ። አንዳችሁ ትልቅ ሰው ሁኑ፣ «ኡስቴድ» የሚባል። ስለ አዳር ጀምሩ፣ ቤተሰብ አንዴ ጠይቁ፣ በ«ባያ ፕዌስ» ጨርሱ። «ሬጉላር» ያላችሁ ካለ ደግሞ ዝም ብላችሁ እንዳታልፉት።